ባሕሩን በስተቀኝ ይዞ

ኑርሑሴን ረግጦት የማያውቀውን መንገድ ከብስክሌት ላይ ያነባል። ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባል የሲያትል ሰፈር ውስጥ፣ ከሬይኒየር ጎዳና ጀርባ ባለች ጣሪያዋ ዝቅ ያለ መጋዘን፣ ከጉዞ የተመለሱ ብስክሌቶች በካርቶን ታሽገው ይመጡለታል። ካርቶኑን ከፍቶ ቀድሞ የሚያየው ፍሬኑን ነው። የፍሬኑ ሸራ በአንድ ሳምንት ተበልቶ ካለቀ ቁልቁለቱ ረጅም ነበር ማለት ነው። ካቴናው ላይ ነጭ ነገር ካየ በጣቱ ነካ አድርጎ ይቀምሰዋል፤ ጨው ከሆነ መንገዱ ባሕሩን ተጠግቶ ነው የሄደው። ከኮርቻው ሥር የወይራ ቅጠል ተሰክቶ ካገኘ ደግሞ ባለቤቱ ጥላ ሥር አቁሞት አርፏል ይላል። ይላል ስል በልቡ ነው። ለማንም ተናግሮት አያውቅም፣ የጠየቀውም የለም።

ድርጅቱ ትንሽ ነው። ጡረታ የወጡና ጉልበታቸው ያልደከመ አሜሪካኖችን እየሰበሰበ፣ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ መኪና የማይበዛባቸውን ኮረብታማ መንገዶች በብስክሌት ያስጎበኛል። የድርጅቱ ባለቤት ጁዲት የምትባል፣ ስድሳን የተሻገረች፣ ፈጣንና ቅን ሴት ናት። ኑርሑሴን ብስክሌቶቹን ፈትቶ ያሽጋል፣ ይልካል፣ ሲመለሱ ያጥባል፣ ይጠግናል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሁለት ሺህ ያህል ብስክሌት ወደዚያ ባሕር ልኳል። ራሱ ግን ከሲያትል በአውሮፕላን የወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ዳላስ፣ ለልጁ ሠርግ።

ለእያንዳንዱ ጉዞ የመንገድ ወረቀት የሚባል ነገር አለ። በስንተኛው ኪሎ ሜትር ወዴት እንደሚታጠፍ፣ ዳገቱ የት እንደሚጀምር፣ ውሃ የት እንደሚገኝ ይጻፍበታል። ደንበኞቹ ወረቀቱን መሪው ላይ ያስሩትና ሲመለሱ ረስተውት ይመጣል፤ ላብና ዘይት ጠጥቶ። ሌላ ሰው ቢሆን ይጥለዋል። ኑርሑሴን አንድ መሳቢያ ሙሉ አከማችቷል። ከሁሉም የሚወደው የሳርዲኒያውን ነው፤ ከአልጌሮ እስከ ቦሳ፣ አርባ ስድስት ኪሎ ሜትር። ሱቅ የለም፣ ቤት የለም፣ መኪና አልፎ አልፎ ነው፤ ከመነሻው እስከ መድረሻው ባሕሩ በስተቀኝ ነው። ወረቀቱን በቃሉ ይዞታል። እንግሊዝኛው እንኳ እንደነገሩ የሆነው ሰውዬ፣ ያቺን አንዲት ገጽ ሲወጣት ግን አንድ ቃል አይስትም።

ብስክሌት የጀመረው ኮምቦልቻ ነው። ልጅ ሆኖ ሳይክል የሚያከራይ አጎት ነበረው፤ ካላማዳሪያ ሲለጥፍ፣ ጎማ ሲነፋ አደገ። በእረፍት ቀን ብስክሌቱን ጭነት መኪና ላይ ጭኖ ደሴ ይወጣና፣ ያንን ሁሉ ጠመዝማዛ ፔዳል ሳይመታ እስከ ኮምቦልቻ ይንሸራተት ነበር። እናቱ የሞቱን ዜና ስትጠብቅ ብዙ ቀን ውላለች። አሁን ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የግራ ጉልበቱ ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ ይነግረዋል። በሲያትል ይህ ማለት ጉልበቱ ዝም አይልም ማለት ነው።

ዲቪ የደረሳት ለሚስቱ ለቢልቂስ ነበር። ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት ልጃቸውን ሃዲያን ይዘው መጡ፤ ኤርፖርቱ አጠገብ ዴ ሞይን ላይ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ተከራዩ። ሃዲያ ተማረች፣ አገባች፣ ዳላስ ሄደች። የመጀመሪያ ልጇን ዒምራንን ስትወልድ ቢልቂስ ለማረስ ሄደች። «አርባ ቀን ነው፣ ቢበዛ ሦስት ወር» ብላ። ሦስት ዓመት ሆናት። ዒምራን ጥርስ አወጣ፣ ሄደ፣ አፉን በእንግሊዝኛ ፈታ፤ ሁለተኛውም ተወለደ። ሃዲያ አባቷንም «አባ፣ አንተም ና» ብላው ነበር። እምቢ አለ። ዳላስን አይቶታል፤ ዳገት የሌለው አገር፣ ሙቀቱ ከምጣድ የሚስተካከል፣ በመንገዱ ላይ ብስክሌት የነዳ ሰው ለሞት የሚሮጥ ነው የሚመስለው። ይህችኛዋ እምቢታ እንኳ የምሩ ነበረች። የሱ ችግር የምሩ ያልሆኑት እምቢታዎች ናቸው።

ጥር ወር መጨረሻ ላይ ቢልቂስ ደወለች። እሑድ እሑድ ከዙህር በኋላ ነው የምትደውለው።

«ኑሩ፣ ሃዲያ ሰፊ ቤት ልትገዛ ነው። ላንቺም ክፍል አለሽ፣ ለዘለቄታው እዚሁ ሁኚ እያለችኝ ነው» አለችው። ቀጥላም፣ «አንተስ ምን ትላለህ?»

ምን ይላል? ቤት ውስጥ ራሴ ያስቀመጥኩትን ብርጭቆ ራሴ እስካነሳው እዚያው ቁጭ ብሎ ማየት ሰለቸኝ ይበላት? ለአንድ ሰው የሚሆን ምግብ መሥራት አልችልም፣ ሁልጊዜ ይተርፈኛል፣ የተረፈውን ሦስት ቀን እበላዋለሁ ይበላት? ልጇን ልታግዝ የሄደችን ሴት ነይልኝ ብሎ መጎተት ነውር መሰለው።

«እንደ ተመቸሽ» አላት። «ስለኔ አታስቢ። እኔ ምን ሆኛለሁ?»

«እንግዲያው አስብበታለሁ» አለች። ስልኩ ላይ ዒምራንን አስጠጋችው፤ «ሃይ ግራንድፓ!» ብሎ ሮጠ። አለቀ። ኑርሑሴን ስልኩን ዘግቶ ልብሷ የተሰቀለበትን ቁም ሳጥን ከፍቶ ዘጋ። እንድትመጣ ይፈልግ ነበር። ይህን ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ እሷም ጭምር።

በዚያው ሳምንት፣ ረቡዕ ቀን፣ ጁዲት ወደ መጋዘኑ ብቅ አለች።

«ኑር» አለችው፤ ሙሉ ስሙ በዘጠኝ ዓመትም አልሆነላትም። «በሚያዝያ ሳርዲኒያ አብረኸን ብትሄድ ምን ይመስልሃል? ቫኑን የሚነዳና መንገድ ላይ የሚጠግን ሰው እፈልጋለሁ። አንድ ሁለት ቀን ቫኑን እኔ እይዛለሁ፤ አንተም ከሰዎቹ ጋር ብስክሌት ትነዳለህ።»

እዚህ ላይ የኑርሑሴንን አስተዳደግ ማወቅ ያስፈልጋል። በእናቱ ቤት «ቅመስ» ሲባል ወዲያው እጁን የሚሰድ ልጅ እናቱን ያሰድባል። አንደኛ ሲጠየቅ «በልቻለሁ» ይላል፤ በረሃብ አንጀቱ ቢታጠፍም። ሁለተኛ ሲጠየቅ «ኧረ ጠግቤያለሁ» ይላል፤ ትንሽ ላላ አድርጎ። ሦስተኛ፣ «በነቢ ይዤሃለሁ፣ አፈር ስሆን» ሲባል፣ ያን ጊዜ የግዱን የሚቀመጥ መስሎ ይቀመጣል፤ ይበላልም። ጠያቂውም ይህን ያውቃል፣ ተጠያቂውም ያውቃል፤ ማንም ማንንም አያታልልም። ሰው ምን ያህል እንደሚፈለግ የሚለካው ስንት ጊዜ እንደተለመነ ነው።

እናም ልቡ ዘሎ ሊወጣ የደረሰው ሰውዬ አፉን ከፍቶ እንዲህ አለ፦ «ኖ ኖ፣ ታንክ ዩ። እዚህ ሥራ ብዙ ነው። ሌላ ሰው ይሻላል።»

ጁዲት አየችው። ፈገግ አለች። «ኦኬ። ገባኝ» አለችና ሄደች።

ኑርሑሴን ሁለተኛው ጥያቄ ነገ ይመጣል ብሎ ጠበቀ። መልሱን አዘጋጅቷል፤ ለሁለተኛው «እስቲ ላስብበት»፣ ለሦስተኛው «እሺ፣ አንቺን ደስ ካለሽ»። ፓስፖርቱን አውጥቶ ቀኑን አየ፤ አራት ዓመት ይቀረዋል፣ ማኅተም ያልነካው ንጹሕ ፓስፖርት። ሐሙስ አለፈ። አርብ የጁዲት ቢሮ በር ሲጢጥ ይላል ብሎ ዘይት ሊቀባው ሄደ፤ በሩ ሲጢጥ ማለት ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው። እየቀባ፣ «በሚያዝያ ሳርዲኒያ ይዘንብ ይሆን?» አላት። «አይዘንብም፣ ደስ የሚል አየር ነው» አለች፤ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ። ሰኞ ደግሞ የቫኑ መሪ አያያዝ ከትልቅ መኪና እንደማይለይና እሱ ኮምቦልቻ ላይ አይሱዙ ነድቶ እንደሚያውቅ ነገራት። «ዋው» አለች። ምስኪን ሴት፣ ስለ አይሱዙ ምን ትበል?

ማክሰኞ ዕለት ሃኒ እየሮጠች መጣች። ሃኒ ቢሮ ውስጥ የደንበኞቹን ስልክ የምትይዝ፣ በዘጠኝ ዓመቷ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ አማርኛዋም እንግሊዝኛዋም እኩል የሚፈጥን የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ናት።

«ጋሼ ኑሩ፣ ይገምቱ! ጁዲት ሳርዲኒያ ትሄጃለሽ ወይ አለችኝ!»

«አንቺስ?»

«ጥያቄዋን እንኳ አላስጨረስኳትም! ‘የስ’ አልኳት። ሶ፣ እስከዚያ ካቴና ሲበጠስ እንዴት እንደሚቀጠል ያሳዩኛል፣ ኦኬ?»

«አሳይሻለሁ» አላት። አሳያትም። ደጋግሞ፣ በትዕግሥት፣ ቀለበቱን በየት በኩል ማስገባት እንዳለባት። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። ኑርሑሴን ግን መሾሙን እንኳ ሰው አልሰማለትም።

ረመዳን ገባ። በዘጠኝ ዓመት እንደለመደው መጋዘኑ ውስጥ ጾሞ ሲሠራ ይውልና በባቡር ወደ ዴ ሞይን ይመለሳል። ሦስት ቴምር፣ አንድ ሳህን ሾርባ። አዛኑን የሚያሰማው ስልኩ ነው። አንዳንድ ቀን መስጂድ ያፈጥራል። እዚያ የመርሳ ሰው፣ የደሴ ሰው፣ የአዲስ አበባ ሰው አለ፤ እጅጌውን ይዘው ይጎትቱታል፣ እምቢታውን የሚሰማው የለም፣ በልቶ የጠገበውን ያጎርሱታል። በነዚያ ቀናት እንደሰው ይሆናል። ከዚያ ሁሉም ሚስቱንና ልጆቹን በመኪናው ይጭንና ይበተናል። እሱም ወደ ቤቱ።

ከዒድ በኋላ ቢልቂስ ደወለች። ሃዲያ ቤቱን ገዝታለች።

«እንግዲህ ለዘለቄታው ከሆነ፣ ልብሶቼን በካርቶን አድርገህ ላክልኝ» አለችው። «የክረምቱን ተወው፣ እዚህ አያስፈልግም።» ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ካላስቸገርኩህ ነው።»

«ምን ያስቸግረኛል? የኔ ሥራ ማሸግ አይደል?» አላት። ሳቀ ጭምር።

ሚያዝያ ሲገባ ለሳርዲኒያ አሥራ አራት ብስክሌት አሸገ። መሪውን ፈትቶ ከጎን አሰረ፣ ፔዳሉን በጨርቅ ጠቀለለ፣ የጎማውን አየር ቀነሰ፣ እንዳይጋጩ በየመካከሉ ስፖንጅ አደረገ። አሥራ አምስተኛውን ባዶ ካርቶን ቤቱ ወሰደው። የብስክሌት ካርቶን ረጅምና ጠባብ ነው፤ የሴት ቀሚስ ሳይታጠፍ ይገባበታል። ቀሚሶቹን አንድ በአንድ ከመስቀያው አወረደ። አንዱ ሃዲያ ስትመረቅ የለበሰችው ነበር፤ እጅጌው ላይ ትንሽ የሽቶ ሽታ ቀርቶበታል። አፍንጫውን አስጠግቶ ብዙ ቆየ። በሕይወቱ ያን ያህል በጥንቃቄ ያሸገው ዕቃ የለም። በፕላስተር አሸገው፣ የዳላስን አድራሻ ጻፈበት፣ ከበሩ አጠገብ አቆመው። ሰኞ እልከዋለሁ አለ። ሰኞ ዘነበ። ማክሰኞ ጉልበቱን አመመው። ሲያትል ላይ ለመዘግየት ሰበብ አይጠፋም፤ ሦስት ሳምንት አለፈ።

ሃኒ በግንቦት መጀመሪያ ፊቷ በፀሐይ ጠቁሮ ተመለሰች። ብስክሌቶቹም ተከትለው መጡ። ኑርሑሴን የመጀመሪያውን ካርቶን ሲከፍት መጥታ አጠገቡ ቆመች።

«ያ ከአልጌሮ ወደ ቦሳ የሚወስደው» አላት፣ እጁ ፍሬኑ ላይ እንዳለ። «አሥራ አንደኛው ኪሎ ሜትር ላይ ዳገቱ ሲጀምር፣ ባሕሩ ይታያል? ወይስ ቁጥቋጦው ይከልለዋል?»

«እኔ እንጃ ጋሼ ኑሩ። ቫን እየነዳሁ ነበር፣ ሆቴሉ ደግሞ ኮል ያደርግልኝ ነበር። ቆንጆ ነው ግን፣ በጣም።» ቀጥላ፣ «እንዴት ነው ኪሎ ሜትሩን ያወቁት?» አለችው።

መሳቢያውን ከፍቶ አሳያት። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። አንዳንዶቹ የስምንት ዓመት ናቸው።

«እንዲህ ፈልገው ለምን እምቢ አሏት ታዲያ?»

«እምቢ አላልኳትም።»

«‘ኖ’ ብለዋታል እኮ! ራሷ ነገረችኝ!»

«አንድ ጊዜ ነዋ!» አለ ኑርሑሴን። «አንድ ጊዜ ነው ያልኳት!»

ሃኒ ልትስቅ ጀመረችና ፊቱን አይታ ተወችው። ካርቶኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ደግሜ ልጠይቀው ብዬ ነበር ብላኛለች» አለችው። «ግን እዚህ ‘ኖ’ ያለን ሰው ደግሞ መጠየቅ ጭቅጨቃ ነው። መልስህን አልሰማሁም እንደማለት ነው። ‘አክብሬው ነው የተውኩት’ ነው ያለችኝ። አክብራዎት ነው።»

«በሚመጣው ዓመትስ?»

«ሳርዲኒያ ተሰረዘ። ዘንድሮ ሰው አልሞላም፤ ለከርሞ ሌላ ቦታ ነው የምንሄደው። አይ ኤም ሶሪ፣ ጋሼ ኑሩ።»

አብሽሪ አላት፣ ጥፋቱ የሷ አይደለም። ሥራውን ቀጠለ። ግን እጁ ቁልፉን ይዞ ቀረ። ጁዲት አክብራው ተወችው፣ እሱ አክብሯት እምቢ አለ፤ በሁለቱ መከባበር መካከል አርባ ስድስት ኪሎ ሜትር መንገድ ወደቀ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል ሕፃን ሆኖ ሰምቷል። በዚያ ዕድሜው ተረቱ ለሹመት ፈላጊ ብቻ የተተረተ ይመስለው ነበር። አሁን ደግሞ ሌላ ነገር አስፈራው። ለጁዲት እንዲህ ካልኳት፣ ለቢልቂስ ምን አልኳት? ቢልቂስማ የአገሩ ሰው ናት፣ «እንደ ተመቸሽ» ሲላት ምን ማለቱ እንደሆነ ታውቃለች። ታውቃለች? አሥራ ሦስት ዓመት አሜሪካ ኖራ? ደግሞስ፣ «ካላስቸገርኩህ ነው» ስትለው እሱ ምን ሰማ?

እሑድ ጠዋት ብስክሌቱን ይዞ ወጣ። ከዴ ሞይን ወደብ ላይ ሆኖ ሲያዩት ቫሾን ደሴት ማዶ ይታያል፤ ለመሻገር ግን እስከ ምዕራብ ሲያትል ነድቶ ጀልባ መያዝ አለበት። ያዘ። የአልጌሮን ወረቀት በላስቲክ አድርጎ መሪው ላይ አሰረው። አሮጌ ሰው የሠራው የልጅ ሥራ ነው፣ እሱም አውቆታል፤ የሚያየው ስለሌለ ግን አላፈረም።

«የከተማውን ግንብ ከኋላህ ትተህ ባሕሩን በስተቀኝ ያዝ» ይላል ወረቀቱ። ጀልባውን ከኋላው ትቶ በደሴቱ ምዕራብ በኩል ያዘ፤ ባሕሩ በስተቀኝ፣ በዝግባዎቹ መካከል አለፍ አለፍ እያለ ይታያል። በስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ወረቀቱ የአሸዋ ዳርቻ አለ ይላል፤ እሱ ያገኘው ተደርድረው የቆሙ የፖስታ ሳጥኖችና የእንጆሪ ቁጥቋጦ ነው። በአሥራ አንደኛው ዳገት ይጀምራል ይላል፤ እዚህስ ዳገት ሞልቷል፣ ጀመረው። ወረቀቱ «እስከ ቦሳ ሱቅም ውሃም የለም» ስለሚል፣ በአንድ ሱቅ በር ሲያልፍ ቢጠማውም አልቆመም። ውሃውን በጉንጭ በጉንጭ ቆጠበ። ወረቀቱ ሰማዩን ተመልከት፣ ጥንብ አንሳዎች ይበራሉ ይላል። ቀና ሲል አንድ ራሰ ነጭ ንስር ዛፍ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቁልቁል ያየዋል። እሱንም እንደ ጥንብ አንሳ ቆጠረው።

መንገዱ ባዶ ነበር። በግማሽ ሰዓት አንድ መኪና ቢያልፍ ነው። ኑርሑሴን ግን የመንገዱን ጠርዝ ይዞ፣ በግራው አንድ ሰው የሚነዳበት ቦታ ትቶ ይሄድ ነበር። ይህንን ሲያደርግ ራሱን ያወቀው ሃያኛው ኪሎ ሜትር ካለፈ በኋላ ነው። ቁልቁለት ላይ ወደዚያ ባዶ ቦታ ዞሮ፣ «ፍሬን ያዝ አድርጊ!» ብሎ ጮኸ። ድምፁን ሰምቶ ደነገጠ። ቢልቂስ በሕይወቷ ብስክሌት ላይ ወጥታ አታውቅም። ዳር ይዞ አቆመ፣ ሣሩ ላይ ተቀመጠ፣ አለቀሰ። ጉልበቱን አሞት እንዳይመስላችሁ። ብቸኝነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ስልኩ ሲጮህ ዓይኑን በጓንቱ ጠርጎ አነሳው።

«ኑሩ፣ ካርቶኑ እስካሁን አልደረሰም» አለች ቢልቂስ። «መቼ ነው የላክኸው?»

«አልላክሁትም።»

«ለምን? ሥራ በዝቶብህ ነው? እንግዲያው አትቸገር፣ ሃዲያ ከዚሁ ትገዛልኛለች።»

«ነይ» አላት።

«ወዴት?»

«ወደ ቤትሽ። ወደ እኔ።»

ከዚያ ማዶ የሕፃናት ቴሌቪዥን ይዘፍናል።

«አይ» አለች ቢልቂስ። «አሁንማ እዚያ ምን እሠራለሁ? አንተም ብቻህን ለምደኸዋል። ምን ላስቸግርህ እመጣለሁ?»

ጁዲት ብትሆን ይህንን ሰምታ ኦኬ ትል ነበር። ባለፈው ጥር የነበረው ኑርሑሴንም «እንደ ተመቸሽ» ይል ነበር። የዛሬው ግን ያቺን «አይ» ጠንቅቆ ያውቃታል፤ በአንዲት እንዲያ ያለች «ኖ» ባሕር ተሻግሮ የሚሄድበትን መንገድ ያጣ ሰው ነው።

«ነይ፣ በነቢ ይዤሻለሁ» አላት።

«ሦስት ዓመት ሙሉ አንዴ እንኳ ነይ ብለኸኝ ታውቃለህ?» ድምፅዋ ተሰበረ። «እንደ ተመቸሽ፣ እንደ ተመቸሽ! ስልኩን ዘግቼ ስንቴ እንዳለቀስኩ ሃዲያን ጠይቃት። አይፈልገኝም አልኩ፣ ኑሩ። አርጅቼበት ነው፣ ልጁን ሰበብ አድርጎ ነው አልኩ። ልብሴን ላክ ያልኩህም እስቲ ምን ይል ይሆን ብዬ ነበር። አንተ ሳቅክ!»

«ሳቅሁ» አለ። መንገዱን አየ፣ ወዲያም ወዲህም ሰው የለም። «የሳቅሁት የማደርገው ጠፍቶኝ ነው። ቢልቄ፣ እኔ አልለመድኩትም። ማታ ማታ ቴሌቪዥን የምከፍተው የሰው ድምፅ ልሰማ ነው። አሁን እንኳ መንገድ ላይ ብቻዬን ሳወራ ነው ያገኘሽኝ። ለልጅቷ አስቤ ነው፣ ይሉኝታ ይዞኝ ነው እንጂ፣ አንድ ቀን አልተመቸኝም። ነይ። ሦስተኛዬ ነው፣ አራተኛም አምስተኛም እልሻለሁ፣ ነይ።»

ቢልቂስ አፍንጫዋን ስትጠርግ ይሰማዋል። ከዚያ ትንሹ ልጅ ጮኾ ተነሳ። «ቆይ፣ መልሼ እደውላለሁ» አለችና ዘጋች።

ኑርሑሴን እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። መንገዱ ገና ይቀረዋል፣ ብድግ ቢል ደግሞ ስልኩ የማይሠራበት ቦታ ላይ ሊደርስ ይችላል። አንዲት ሴት ውሻ ይዛ አለፈች፣ ደህና ነህ ወይ አለችው፣ ነኝ አላት። አርባ ደቂቃ ጠበቀ። ጀልባ እንዳመለጠው ያውቃል። ሃዲያ እምቢ ብላት ይሆን? ሐሳቧን ቀይራ ይሆን? ስልኩ በእጁ ላይ እንዳለ ጮኸ።

«ሃዲያ ተቆጥታኛለች» አለች ቢልቂስ። «ተቆጥታ ተቆጥታ ደግሞ ቲኬቱን ራሷ ቆረጠችልኝ። ጁን ሃያ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት እገባለሁ። ለልጆቹ በዒድ በዒድ እመጣለሁ ብያታለሁ።»

«አልሀምዱሊላህ» አለ።

«ከኤርፖርት ኡበር ይዤ እመጣለሁ። አንተ አትቸገር።»

ከኤርፖርቱ እስከ ቤታቸው አሥር ደቂቃ አይሞላም።

«እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ነው የምጠብቅሽ» አላት። «ልምጣ?»

«ና» አለች። ሁለተኛ አላስጠየቀችውም።